ሰግጄ ሳልጨርስ የተገዛው ላፕቶፕ

«እማ፣ ቀላሉን ነው ከባዱን?»

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰሚራ ከአዲስ አበባ ስትደውል እጄ ማሾ የተሰጣበት ሰፌድ ላይ ነበር። ጠጠር እየለቀምኩ ነው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ አዳመጥኳት። ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። ላፕቶፕ ልትገዛ ከአክስቷ ልጅ ጋር ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ሦስተኛ ቀኗ ነው። አንደኛው ስስ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ መኖሩም አይታወቅም። ሌላኛው ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ፣ ወፈር ያለ፣ ጠንካራ ነው። በዋጋ አይራራቁም።

ሦስት ቀን ሙሉ ቤተሰቡ በዚህ ነገር ተይዟል። አባቷ ከጭነት መኪናው ላይ ሆኖ እየደወለ ከባዱን ይላታል። ወንድሟ ስሱን ይላል፤ ምክንያቱ ቀለሙ ነው። አጎቷ ላፕቶፕ ኖሮት አያውቅም፤ ሆኖም በቴሌግራም የአምስት ደቂቃ ምክር በድምፅ ልኮላታል። እኔን የጠየቀችኝ ሁሉም ተናግሮ ካበቃ በኋላ ነው።

«ቆይ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ» አልኳትና ዘጋሁት።

የተቆጣሁ መስሏት ይሆናል። ቁጣ አልነበረም። ያቺን ጥያቄ ከዚህ በፊት፣ ቃል በቃል፣ በዚሁ ቤት ሰምቻት ስለነበር ነው። ያኔ ጥያቄው የመጣው ለእኔ ነበር። የመለሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ሰሚራ በጀርባዬ የምትታዘል የዓመት ልጅ ነበረች።

እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ውስጥ አስተምር ነበር። እሑድ አስር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ትንሽ ስትበርድ፣ ባጃጅ የደረቀው ወንዝ ዳር ድረስ ያወርደኛል። ከዚያ አሸዋውን አቋርጬ በማሽላና በማሾ ማሳዎች መሃል አንድ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ። ሳምንቱን እዚያው በተከራየኋት አንዲት ክፍል እከርማለሁ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ሮቢት፣ ወደ ባለቤቴ ወደ ሰይድና ወደ አባቱ ቤት እመለሳለሁ። የቆላው ሙቀት ደግ አይደለም። ጫማ ውስጥ የገባ አሸዋ እንደ ቆሎ ምጣድ ይጠብሳል።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጉዞው ሽቅብ ነው። ደብረ ብርሃን የክረምት ተማሪ ነበርኩ። ከሮቢት በስስ ሻሽ ተነሥቼ የጣርማ በር ዋሻ ስንደርስ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እንዲህ እያልኩ አምስት ክረምት ወጣሁ። ለመጨረሻዋ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ካላስገባሁ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ አምስቱ ክረምት ከንቱ ይቀራል። ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በቀይ ቀለም ጽፈውልን ነበር።

ርዕሴ በማሾ ለቀማ ወቅት ሴት ልጆች ከትምህርት ለምን ይቀራሉ የሚል ነው። በእጄ የጻፍኩትን ለአንዲት የጽሕፈት አገልግሎት ሰጠሁ። ጸሐፊዋ ማሾ የሚባለውን የቆላ ጥራጥሬ የማታውቅ፣ ከደጋ የመጣች ልጅ ነበረች። «ማሾ» የሚለው ስህተት መስሏት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ማሽላ» አድርጋ አረመችልኝ። መለስኩላት። ሁለተኛ ጊዜ «ማሽ» ሆኖ መጣ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ «እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ ቢጽፉት አይሻልም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኳት ብር ነበረችኝና፣ ሰይድ በአይሱዙ ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ሲሄድ ያገለገለ ላፕቶፕ እንዲገዛልኝ ሰጠሁት።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የነገርኩት። «ስትገዛ ደውልልኝ» ብዬው ነበር።

ደወለ። የደወለው ግን በቀትር፣ ዙህር ሰላት ላይ ነው። እኔ ጓዳ እየሰገድኩ ነበር። ስልኩ ሳሎን፣ አማቴ አባ እንድሪስ አጠገብ ነው። ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ የሚያነሱት ድምፁን እስከ መጨረሻው አጉልተው ነው። ስለዚህ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።

«አባባ፣ ከዲጃ የለችም?»

«እየሰገደች ነው። ምን ልበልልህ?»

«ሁለት ላፕቶፕ ይዤ ሱቅ ውስጥ ቆሜያለሁ። ባለሱቁ ለምሳ ሊዘጋ ነው። ቀላሉን ነው ከባዱን የምትፈልገው? ይጠይቁልኝ።»

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ማለት አለብኝ። እኛ ዘንድ «ቀላል» ስድብ ነው። ቀላል ሰው ማለት ቃሉ የማይታመን፣ በሽምግልና መሃል የማይጠራ፣ ሴት ልጅ የማይሰጡት ማለት ነው። ከባድ ሰው ደግሞ ገብቶ ሲቀመጥ ሌላው ወሬውን የሚያቆምለት ነው። አባ እንድሪስ ዘመናቸውን በሙሉ ከአፋር በረሃ ጨው በግመል ያመላለሱ ሰው ናቸው። ላፕቶፕ ምን እንደሆነ አያውቁም። ቀላልና ከባድ ምን እንደሆነ ግን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

«ይኼ ይጠየቃል?» አሉ። «ከመቼ ወዲህ ነው እኛ ቤት ቀላል የገባው?»

እኔ ጓዳ ሆኜ ደሜ ፈላ። የምፈልገው ቀላሉን ነው። ልጅ አዝዬ፣ ደብተር ተሸክሜ፣ አሸዋ አቋርጬ የምሄደው እኔ ነኝ። ሰላት ደግሞ አይቋረጥም። ምን ላድርግ? ግንባሬን መሬት ላስነካ ወደ ሱጁድ ስወርድ ያለ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አላሁ አክበር!» አልኩ። ቆዩኝ፣ እየሰማሁ ነው፣ አትቁረጡ ማለቴ ነበር። ይህን ምልክት በቤታችን የማያውቅ የለም። ወጥ ሲያር፣ ልጅ ወደ ምድጃ ሲድህ፣ የሚሰግድ ሰው እንዲህ ያደርጋል።

አባ እንድሪስ ግን ደስ አላቸው።

«ሰማህ? እሷም አላሁ አክበር አለች። ከባዱን ግዛ!» ብለው ካርዱ እንዳይቆጥር ዘጉት።

አላህ አውፍ ይበለኝ፤ ያቺ ሰላት ተቀባይነት ማግኘቷን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። አሰላምቼ እንደጨረስኩ ሮጬ ስደውል የሰይድ ስልክ ባትሪው አልቆ ተዘግቷል።

በማግስቱ መጣ። ደብረ ሲና ላይ ገዝቶ በላስቲክ የያዘውን ቆሎ አስቀደመ። ሰይድ ጥፋት ሲኖርበት ቆሎ ይዞ ነው የሚገባው። ከዚያ በብርድ ልብስ የጠቀለለውን አወጣ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ማዕዘኑ እንደ ጡብ የሾለ ነገር ነው። ከመሥሪያ ቤት ተሸጦ የወጣ መሆኑን በጀርባው ላይ የተላጠ የንብረት ቁጥር ይናገራል።

«ባለሱቁ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለ። «ይኼ ቢወድቅ የሚሰበረው ወለሉ ነው አለ።»

«ቀላሉስ እንዴት ነበረ?» አልኩት።

«እሱማ እንደ ደብተር ነው። ባትሪው ስድስት ሰዓት ይቆያል አሉ። አንቺ ግን አልፈለግሽውም።»

አማቴ ፊት ምን እላለሁ? እሳቸው ላፕቶፑን ተቀብለው፣ ሴቶቻችን ገበያ ላይ እንስራ ሲገዙ እንደሚያደርጉት፣ በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ጤነኛ ነው፤ ስንጥቅ የለውም» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ጭነውበት ዱዓ አደረጉ። «አላህ እንደ ዕቃሽ ከባድ ያድርግሽ።»

አሚን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ባትሪው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከሶኬት ከተነቀለ አንድ ደቂቃ አይቆይም። ሮቢት መብራት አለ፤ መብራት ያለ ቀን ግን እንግዳም አለ። ልክ ስከፍተው ጎረቤት ይገባል። «እስቲ ይኼን ነገር እንየው» ይላል፤ ኳ ኳ ያደርገዋል። አንዷ የሠርጓን ቪዲዮ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ሠርግሽ እዚህ ውስጥ የለም ብላት አልተዋጠላትም። ሁለት ዓርብና ሁለት ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። ቀበሌው ደግሞ መብራት የለውም። መብራት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወፍጮ ቤት።

እሑድ ሰሚራን አዝዬ፣ ላፕቶፑን በአንድ ትከሻዬ አንጠልጥዬ ስወጣ አባ እንድሪስ ከበር ላይ መለሱኝ።

«እንዲህ አይጫንም» አሉ። «ና ሰይድ፣ ማሰሪያ አምጣ።»

ቦርሳውን ደረቴ ላይ አድርገው በመቀነት አሰሩት። ልጅ ከኋላ፣ ላፕቶፕ ከፊት።

«ግመል የሚጥለው የጭነቱ ክብደት አይደለም፤ ማዘንበሉ ነው» አሉ። «ሁለቱን ጎን እኩል አድርጊ፣ ከዚያ አሳይታ ድረስ ትደርሻለሽ።»

አሳይታ የምሄድበት ጉዳይ አልነበረኝም። ወንዙን ስሻገር ግን ወገቤን እንደ ወትሮው አላመመኝም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አባ እንድሪስ ቢያውቁ ምን ብዬ እናደድባቸዋለሁ?

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሁሴን አንድ የናፍጣ ሞተር ነበራቸው። ሞተሩ ድንጋዩን ያዞራል፤ በጎን ደግሞ ለአምፖልና ለሞባይል የሚሆን መብራት ያመነጫል። የቀበሌው ሰው ስልክ ሁሉ በፕላስተር ላይ ስሙ ተጽፎበት እዚያ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ይሞላል። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሰሚራን ማዳበሪያ ላይ አስተኝቼ፣ አንድ የተገለበጠ ጣሳ ላይ ተቀምጬ ከስልኮቹ መሃል ሰካሁት።

ጩኸቱን እንዴት ልንገራችሁ። የራስን ሐሳብ መስማት አይቻልም። የማሽላው ዱቄት እንደ ጉም ይነሣል፤ ፊደሎቹ ላይ ያርፋል፤ በእስትንፋሴ እፍ እላለሁ፤ መልሶ ያርፋል። በሰኔ ሙቀት ላይ የሞተሩ ሙቀት ተጨምሮ ላቤ ከዱቄቱ ጋር ይቦካል። ልጄ ነጭ ቅንድብ አውጥታ ትተኛለች። ያቺን እንደ ደብተር የቀለለች፣ ስድስት ሰዓት የምትቆየዋን እያሰብኩ በልቤ አጉረመርማለሁ። ቤቴ ተቀምጬ፣ በሬን ዘግቼ፣ በጸጥታ እጽፍ ነበር።

የምጽፈውን ለመስማት ስል እየጮህኩ ነበር የምጽፈው። ሞተሩ ስለሚውጠው ማንም አይሰማኝም። በአንድ ሐሙስ ወደ ዋናው ሐሳቤ ደረስኩ። በዚያን ጊዜ የክረምት ተማሪ ሁሉ የሚጽፋት አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። ችግሩ ውኃ ይሁን መንገድ፣ ከብት ይሁን ልጅ፣ መደምደሚያዋ እሷው ናት። እኔም በሙሉ ድምፄ ጻፍኳት።

«ሴት ተማሪዎች የሚቀሩበት ዋናው ምክንያት የእናቶች ግንዛቤ ማነስ ነው!»

«ዋናው» ስል ናፍጣው አለቀ። ሞተሩ ቀጥ አለ። ላፕቶፑ ጠፋ፤ የዚያን ቀን የጻፍኩት ሁሉ አብሮ ጠፋ። በወፍጮ ቤቱ ጸጥታ ውስጥ «የእናቶች ግንዛቤ ማነስ ነው» የሚለው ድምፄ ብቻውን ቀረ።

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በሙሉ ዞረው አዩኝ። አሥር ይሆናሉ። ሁሉም እናቶች ናቸው።

«ምን አልሽ ቲቸር?» አለች አንዷ።

«ምንም።»

«የእናቶች ምን አነሰ?»

«ግንዛቤ» አልኩ፤ መሸሸጊያ አልነበረኝም።

አንዲት አሮጊት ከማሽላቸው ላይ ቀና አሉ። «ግንዛቤ የሚሰፈረው በጣሳ ነው በኩንታል? ካነሰን ይሙሉልን እንጂ!»

ሳቁ። ጋሽ ሁሴንም የናፍጣ ጀሪካኑን ይዘው ሳቁ። ያልሳቀችው እትዬ ዘይነብ ብቻ ናት። የተማሪዬ የሐያት እናት ናት። ባለፈው ጥቅምት ሐያት ሦስት ሳምንት ቀርታ ስሟን በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩባት እኔ ነኝ።

«ግንዛቤ ማለት ማወቅ ነው?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ። የትምህርትን ጥቅም ማወቅ።»

«እኔ ነኝ የትምህርት ጥቅም የማላውቀው?»

ዱቄቱን ከፊደሎቹ ላይ ጠረግኩ።

«ሐያት ለምን ቀረች ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? በዚህ በር ስንት ጊዜ አልፈሻል። እኔ ልንገርሽ። ባለማሳው ማሾውን ሁለት ዙር ያስለቅማል። ከዚያ የተረፈው የቃራሚ ነው። ማሾ ደግሞ በጠዋት ጤዛ ካልተለቀመ ፀሐይ ሲመታው ይፈነዳል፤ መሬት ላይ ይበተናል። የትምህርት ቤትሽ ደወልም በጠዋት ነው። ሐያት የቃረመችውን ሸጣ ደብተር ትገዛለች፣ ሳሙና ትገዛለች፣» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «ለሴት ልጅ በየወሩ የሚያስፈልጋትን ትገዛለች። ያንን ካላገኘች በየወሩ ትቀራለች። ሦስት ሳምንት የምትቀረው ዓመቱን ላለመቅረት ነው። በይ ይኼን ጻፊ።»

«የኔም እንደዚያው ናት» አለች ሌላዋ። «የእኔማ ለታናሽ እህቷ ጭምር ነው የምትቃርመው» አለች ሦስተኛዋ። አሮጊቷ ግን አሁንም ጣሳቸውን እያሳዩኝ ነበር።

ላፕቶፑን አጥፌ፣ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። በመንገድ ላይ የተናደድኩት በእነሱ ነው ብዬ ነበር። ቤቴ ስደርስ በማን እንደሆነ ገባኝ። መጠይቄን የሞሉልኝ መምህራን ብቻ ነበሩ። መጠይቅ የሚሞላው ማንበብ የሚችል ነው። እናቶቹ ማንበብ ስለማይችሉ ሌሎች ስለ እነሱ መለሱ፤ እኔም እውነት ብዬ ጻፍኩት። ልጅ ሆኜ ቁርኣን ያስቀሩኝ ሼኽ ሰው ያላደረገውን አደረገ ማለት ቡህታን ነው፣ ሰውየውን ይቅር ሳያሰኙ አላህ ፊት አይቆሙም ይሉን ነበር። እኔ የአንድ ቀበሌ እናቶችን ስም አጥፍቼ ዲግሪ ልቀበልበት ነበር።

የቀረኝ አሥራ አንድ ቀን ነው። ያለውን ማስገባት እችላለሁ። የጠፉትን ገጾች በአንድ ከሰዓት መልሼ እጽፋቸዋለሁ፤ እንደ ሁሉም ሰው አልፋለሁ። እንደገና ልጻፍ ካልኩ ግን ላልደርስ እችላለሁ። ካልደረስኩ ደግሞ አምስት ክረምት፣ የጣርማ በር ብርድ፣ ሰሚራን በአራስነቷ ይዣት የወጣሁበት ሁሉ አለቀ ማለት ነው።

ዓርብ ሮቢት ስገባ አባ እንድሪስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ፓፓያ እየላጡ ነበር። ያለ ወትሮዬ ተቀምጬ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ቀላሉ የቱ ነው?» አሉ።

«ያለውን ማስገባት።»

«ከባዱስ?»

«እንደገና መጻፍ።»

ከፓፓያው ቆርጠው ሰጡኝ። «ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? መልሴን ታውቂዋለሽ።»

ሰውየው ለዱንያ ጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ ነበራቸው። አናደዱኝ። ፓፓያው ጣፋጭ ነበር።

ሰኞ ወደ ወፍጮ ቤት ተመለስኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ሴቶቹን አውፍ በሉኝ ማለት ነው። «ብለናል፤ ጻፊ» አለች እትዬ ዘይነብ። ወፍጮው በሌለበት ቀን ደብተር ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ወፍጮው ባለበት ቀን ሴቶቹ ተራ እስኪደርሳቸው በጆሮዬ እየጮሁ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ጋሽ ሁሴን ሞተር ከማጥፋታቸው በፊት «ሴቭ!» ብለው እንዲጮሁልኝ አስተማርኳቸው። ወዲያው ቤቱ በሙሉ ተማረው። ናፍጣው ማነስ ሲጀምር ሞተሩ ያስላል፤ ያኔ ወረፋው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር «ሴቭ! ቲቸር፣ ሴቭ!» ይላል። አንዲት ቃል አልጠፋችብኝም። አሮጊቷ በኋላ የልጅ ልጃቸው ወተት ሊደፋ ሲል ሁሉ «ሴቭ!» ይሉት ነበር አሉ።

በአሥረኛው ቀን ጨረስኩ። ሮቢት አሳትሜ፣ ሰሚራን ከኋላ ላፕቶፑን ከፊት አስሬ ጣርማ በርን ወጣሁ። ደብረ ብርሃን ስደርስ ዝናብ ነበር። ከፈታኞቹ አንዱ ጽሑፉን ሁለቴ ከገለበጡ በኋላ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«የግንዛቤ ማነስን የሚመለከት ክፍል አላገኘሁም» አሉ።

«ነበረኝ» አልኳቸው። «አነሰ የተባለው የእኔ ሆኖ ተገኘና አወጣሁት።»

አንድ ገጽ ገለጡ። «መረጃውን የት ሰበሰብሽ?»

«ወፍጮ ቤት።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ከገጹ ላይ የሆነ ነገር በጥፍራቸው ፈቅፈቅ አደረጉ። ዱቄት ሳይሆን አይቀርም። አለፍኩ፤ አልሐምዱሊላህ። ውጤቴ መካከለኛ ነበር። በቀጣዩ ጥቅምት ርዕሰ መምህራችን ለቃራሚዎቹ የከሰዓት ማካካሻ ትምህርት ፈቀዱ። እኔ ነበርኩ የማስተምረው። ሐያት በማሾ የጠቆረ ጣቷን እየደበቀች የፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። የስም መጥሪያዬ ላይ ያሰመርኩትን ቀይ መስመር የሚያጠፋ ላጲስ አላገኘሁም፤ ገጹን በአዲስ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት።

አባ እንድሪስ ከሞቱ ዓመታት አለፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ላፕቶፑም ከእሳቸው ጥቂት ቀድሞ ሞተ። መውደቅ አልገደለውም፤ ከሁለት የባጃጅ አደጋና ከአንድ የሰሚራ ሽንት ተርፏል። እርጅና ነው የገደለው። ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ያን ቀን የሰሚራን ስልክ እንደዘጋሁ ማሾውን ትቼ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። አሁንም ከባድ ነው። ገልብጬ በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው ከፊደሎቹ መሃል ትንሽ ዱቄት ሰፌዱ ላይ ወረደ። ያንን ሁሉ ዘመን የት ተቀምጦ እንደነበር አላህ ይወቅ።

ለሰሚራ የምላትን አገኘሁ። ስልኩን አነሣሁ።

«ሰሚራ፣ ቀላሉን ግዢ። ክብደቱ ከዕቃው አይደለም የሚመጣው።»

«ውይ እማ! ከባዱን ገዛሁት እኮ!»

«ማን አለሽ?»

«ቆይ ብለሽ ጠፋሽ። ባለሱቁ ሊዘጋ ሲል አባዬን ጠየቅኩት። የኛ ቤት ከባድ ነው የሚወደው፣ እናትሽ ራሷ አላሁ አክበር ብላ ነው የመረጠችው አለኝ።»

እኔ አስቤ ሳልጨርስ ላፕቶፕ ሲገዛ ይኼ ሁለተኛው ነው። ሰይድ ያችን አላሁ አክበር እስከ ዛሬ እንደ ምርጫ ነው የቆጠራት። አሥራ ሰባት ዓመት! ላስረዳት ጀመርኩና ተውኩት።

«ሙባረክ ይሁን» አልኳት። «ባትሪው እንዴት ነው?»

«አስር ሰዓት ይቆያል! ሶኬት የሚባል ነገር አያስፈልገኝም። ዶርሜ ውስጥ ቁጭ ብዬ...»

«እሱ ነው የሚያሰጋኝ።»

«ምኑ?»

«አልፎ አልፎ ከሰው መሃል ተቀመጪና ጻፊ። ጩኸት ያለበት ቦታ ፈልጊ።»

«እማ ደግሞ! ሰው ጸጥታ ነው የሚፈልገው።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» አልኳትና ዱዓ አድርጌላት ተሰነባበትን።

የዐስር አዛን ሲሰማ ዱቄቱን ከማሾው ላይ እፍ ብዬ ተነሣሁ። ውዱእ አደረግኩ። አሁን ደግሞ አጎቷ ይሁን ወንድሟ ስለ ቦርሳው፣ ስለ ሽፋኑ፣ ስለ ቀለሙ ሊጠይቅ መደወሉ አይቀርም። መስገጃዬን ከማንጠፌ በፊት ስልኩን አጠፋሁት። አላሁ አክበር ያልኩትም ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው።